መጣብር የለበሰችው መኪና

«ላዳ ይዞብን መጣ!»

ሸዕባን ይህን የሰማው ገና ፊቱን ሳይታጠብ፣ በመሪጌታ ወልደ ሰንበት ቤት ላይኛው ፎቅ፣ ከተነጠፈለት ቆዳ ላይ እንደተጋደመ ነው። የላስታ ክብ የድንጋይ ቤት ወሬ አይደብቅም፤ ምድር ቤት የታሰረው በግ ሲያነጥስ ሰገነት ላይ ያለው እንግዳ «ይማርህ» ሊል ይችላል። ይማርሽ፣ የመሪጌታ ባለቤትና የዛሬዋ ሙሽሪት እናት፣ ቀስ ብላ የተናገረች መስሏታል። «ስምንት ዓመት ሙሉ ለአገሩ ሁሉ ሳወራ! ያቺን ቀይዋን፣ ያቺን ዓይነ ጎላዋን ይዞ ይመጣል ስል! ዛሬ ምን ብዬ ነው ሰው ፊት የምቆመው? ልጃቸውን ካድሬ ወሰዳት አይልም ወይ ያየ ሁሉ?» መሪጌታ ከቅኔ ማኅሌት የለመዱትን ድምፅ እንደ ምንም አፍነው «ዝም በይ፣ ሴትዮ፤ ይሰማል» አሏት። «ይስማ!» አለች። ሰማ።

ሸዕባን በሕይወቱ ብዙ ተሰድቧል። የወልድያ የጨውና የአቡጀዲ ነጋዴ ነውና ሌባ ተብሏል፤ ከአብዮቱ ወዲህ ደግሞ አድሃሪና ንዑስ ከበርቴ ተብሎ በቀበሌ ስብሰባ መካከል ቆሞ ሂስ ውጧል። ያ ሁሉ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጥቶለታል። ላዳ መባሉ ግን ልቡ ላይ ቁጭ አለ። ወላሂ፣ መኪናዋ ጀርመን ናት! ውኃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ኖሮ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ የገዛት፣ ፈረንጁ እንዳስረዳውም ከአንድ የቅንጦት ቤተሰብ የመጨረሻዋ ልጅ ናት። ታላላቅ እህቶቿን የሚነዱ አምባሳደሮች ናቸው፤ እሷ የተሠራችው አምባሳደር ላልሆነ፣ ግን መምሰል ለሚፈልግ ሰው ነው። በዚያ ላይ ስፖርት ናት። ስፖርት ማለት ምን እንደሆነ ሸዕባን አጣርቶ ባያውቅም፣ ወንበሯ ወገብ እንደሚያቅፍና ነዳጅ ሲረገጥ ጀርባ ከወንበሩ ጋር እንደሚጣበቅ ያውቃል። ከወልድያ እስከ ላሊበላ ነዳጅ የሚረገጥበት ሜዳ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ትናንት እዚያ ሲደርስ በሬ ተኝቶበት አገኘው።

የዱሮዋ ቀይ መኪናውም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነበረች። ልዩነቱ መልክ ነው። የዱሮዋ ክብ ክብ የምትል፣ ዓይኖቿ ድቡልቡል፣ አፍንጫዋ ሰልካካ፣ ጠርዟ ሁሉ በኒኬል ያጌጠ ነበረች። ፋብሪካው ሞዴሉን ሲቀይር ክቡን በማዕዘን፣ ኒኬሉን በጥቁር ፕላስቲክ፣ ድቡልቡሉን ዓይን በአራት ማዕዘን መብራት ለወጠው። ፈረንጁ «አሁን ዓለም የደረሰበት ይህ ነው» ብሎ በሚያብረቀርቅ መጽሔት አሳየው። ሸዕባንም ዓለም የደረሰበት ሳልደርስ አልቀርም ብሎ፣ ቀይዋን ለአንድ የፍላቂት ገብስ ነጋዴ ሸጦ፣ ከኪሱም ደህና አድርጎ ጨምሮ አዲሷን ወሰደ። ነጭ የመረጠው ለሙሽራ ያምራል ብሎ ነው። ማንም ያልነገረው ነገር ቢኖር ዓለም ወደ ማዕዘን ሲሄድ ሞስኮም አብራ መሄዷን ነው። በዚያ በ1975 ዓ.ም. ጥር፣ የወሎ ካድሬዎች ከወረዳ ወረዳ የሚመላለሱባቸው አዳዲስ ላዳዎችም ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ባለ አራት ማዕዘን ዓይን ነበሩ።

አሁን፣ ቆዳው ላይ ቁጭ ብሎ ካልሲውን ሲፈልግ፣ የትናንቱ አገባቡ እንደገና ታየው። ከከተማዋ መግቢያ ያለው ኬላ ላይ ጠባቂው ገና ከሩቅ ገመዱን ጥሎ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶት ነበር። ሸዕባን «መኪና እንዲህ ነው ሰው የሚያስከብር» ብሎ እጁን በመስኮት አውጥቶ መልሷል፤ ትንሽም ደረቱን ነፍቷል። ገበያው አጠገብ ሲደርስ ግን መንገዱ ባዶ ነበር። አንዲት ሴት የብቅል ከረጢቷን ጥላ ወደ ግቢ ስትገባ አየ። የጸሎት ሰዓት ይሆናል ብሎ አለፈ። ከስምንት ዓመት በፊት በቀይዋ ሲመጣ አገሩ ነቅሎ ነው የወጣው፤ አሮጊቶች አፍንጫዋን ዳብሰው ተሳልመዋል፤ አንድ ዲያቆን «ከየትኛው ገዳም ነው የመጣችው?» ብሎ ጠይቋል። የመሪጌታ ልጅ አስቻለች ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከመሪው ኋላ አልወርድም ብላ ስታለቅስ፣ ሸዕባን «ስታገቢ እኔ ራሴ በመኪናዬ እወስድሻለሁ፤ በቅሎ አትቀመጪም» ብሎ ማለላት። ልጅ ማለት ቃል የማይረሳ ፍጡር ነው። አስቻለች ይህን ለእናቷ፣ እናቷ ለአገሩ፣ መሪጌታም ባለፈው መስከረም ለሙሽራው ሽማግሌዎች ነገሩ። የሙሽራው ወገን በቅሎ ይዞ እንዳይመጣ፣ ሙሽሪት በሸዕባን መኪና እንደምትሄድ ቃል ተገባብተዋል።

በውጭው የድንጋይ ደረጃ ወርዶ ዳሱ ሥር ሲቀመጥ ሁሉም ነገር ከልክ በላይ መልካም ሆነ። ይማርሽ እንጀራውን ራሷ አቀረበችለት፤ ለእሱና ለእስላም እንግዶች በግ ያረደው ጎረቤቷ ሀሰን መሆኑን፣ ድስቱም አዲስ መሆኑን፣ ቅቤውም ከእነሀሰን ቤት መምጣቱን ሦስት ጊዜ ነገረችው። «ብላ እንጂ ወንድሜ» ትላለች፤ ዓይኗን ግን እሱ ላይ አታደርግም። መሪጌታ ፈንጠር ብለው ጢማቸውን ያሻሻሉ። ሃያ ዓመት የተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ጾም ሲገድፍ ሌላው ጾም ሲይዝ በስንት ማዕድ ተቀላልደዋል። ዛሬ ግን ሁለቱም ድስቱን ብቻ ያያሉ።

«መቼም» አሉ መሪጌታ በመጨረሻ፣ «መኪና ያው መኪና ነው።»

«ያው አይደለም!» አለ ሸዕባን፣ ጉርሻው ጉሮሮው ላይ እንዳለ። «ይቺ ስፖርት ናት።»

«ለሙሽራ ስፖርት ምን ያደርግላታል?» አለች ይማርሽ፣ ለድስቱ ይመስል ወደ ድስቱ ዞራ። ሸዕባን ፈረንጁ የሰጠውን መጽሔት ሊያመጣ ወደ መኪናው ሄደ።

ነገሩን እንዲዳኙ የተጠሩት አያ አረጋ ናቸው። አያ አረጋ የበቅሎ ደላላ፣ የሰርግ በቅሎ አከራይ፣ በላስታ ገበያ ሁሉ ዓይናቸው የታወቀ ሽማግሌ ናቸው። በዚህ ሰርግ በቅሏቸው እንደማትፈለግ የተነገራቸው በመስከረም በመሆኑ፣ አራት ወር ሙሉ ያጠራቀሙትን ቂም ይዘው ነው የመጡት። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። ዳሌዋን በመዳፋቸው ጫን አድርገው ለቀቁ። ከፊቷ ቁጢጥ ብለው መብራቶቿን ትክ ብለው አዩ፤ ከዚያ የአፍንጫዋን ጥቁር ፍርግርግ ጥርስ እንደሚቆጥር ሰው በጣታቸው ነካኩት። ሸዕባን ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለ ወንበሯን፣ ቴፗን፣ ራሱን ችሎ የሚወርደውን መስኮት ያሳያል። ሞተሯን አስነሳላቸው። ዳሱ ሥር የነበሩ ሦስት ጎረምሶች ቀስ ብለው ወደ ጓሮ ሄዱ፤ አልተመለሱም።

«ልቧ ደህና ነው» አሉ አያ አረጋ ተነሥተው ጉልበታቸውን እያራገፉ። «አረማመዷም ለስላሳ ይመስላል። ፊቷ ግን፣ ጌታው፣ የግብር ሰብሳቢ ነው። በቅሎ እንዲህ ያለ ፊት ካላት እኔ ጨው አስጭናታለሁ እንጂ ሙሽራ አላስቀምጥባትም።»

ሸዕባን ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ደጁ ላይ የቆመችው አስቻለች ናት የደረሰችለት፤ ሹሩባዋ አዲስ፣ እጇ እንሶስላ የሞቀ፣ ፊቷ እንቅልፍ ያጣ። «ጋሽ ሸዕባን፣ ቀይዋን የት አደረሷት?» አለችው ቀስ ብላ። ፍላቂት መሆኗን፣ አሁን ገብስ እንደምትጭን ነገራት። ልጅቷ መርዶ እንደሰማ ሰው ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ከዚያ ፈገግ ብላ «ግድ የለም፤ እርስዎ መጥተዋል» አለች። ከይማርሽ ስድብ ይልቅ ይህ አንጀቱን በላው። ምነው ዓለም የደረሰበት ሳይደርስ ቢቀር ኖሮ!

ሙሽራው፣ ምስጋኑ፣ በአራት ሰዓት ይደርሳል ተብሎ ነበር። አምስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሆነ። ጠላው ደፈረሰ፤ የወጡ ቅቤ በላዩ ረጋ፤ ዘፋኞቹ ሴቶች አንዱን ዘፈን ዘጠኝ ጊዜ ከደገሙ በኋላ ከበሮውን ጥግ አስቀመጡት። በሰርግ ቀን ሙሽራ ሲቀር የሚመጣውን ነገር ሁሉም ያውቀዋል። ይማርሽ አንዴ ወደ መንገዱ፣ አንዴ ወደ መኪናዋ ታያለች። መሪጌታ ዳዊት ደግመው ጨርሰው እንደገና ጀመሩ። አስቻለች ካባዋን ለብሳ እልፍኙ ውስጥ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች። ሸዕባንም መኪናው ጥላ ሥር ቆሞ፣ ይህ ሁሉ በእኔ ሳይሆን አይቀርም እያለ፣ ግን እንዴት በእኔ እንደሆነ ሳይገባው ላቡን ይጠርጋል።

ሰባት ሰዓት ሲሆን አንዲት ባልቴት ቅል ይዘው ውኃ ለመጠየቅ መጡ። ውኃውን ተቀበሉ፤ አልጠጡትም። መኪናዋን ከሩቅ ዞረው በመስኮት አጮልቀው «ይህ ጌታ ከየት መሥሪያ ቤት ነው?» አሉ። ይማርሽ አወቀቻቸው፤ የሙሽራው አክስት እማማ አለሜ ናቸው። «እንዴ! እርስዎ እዚህ፣ ልጁ የታለ?» ብላ ክንዳቸውን ያዘች። ባልቴቷ ግራ ቀኝ ካዩ በኋላ ባገጫቸው ማዶውን ጉብታ ጠቆሙ። እውነትም፣ ልብ ብሎ ላየ፣ ወይራዎቹ ሥር ነጫጭ ጋቢ ተኮልኩሏል። ሙሽራው፣ ሚዜዎቹ፣ አጃቢው ሁሉ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ቁጭ ብለዋል።

«አንድም ጎረምሳ እዚህች መኪና አጠገብ አይደርስም» አሉ እማማ አለሜ። «አምና የምስጋኑን ታላቅ ከአውድማ ላይ፣ መንሹን እንደያዘ፣ እንዲህ ባለችው አይደል የወሰዱት? ለሚሊሺያ ብለው። ደብዳቤ እንኳ የለም እስከ ዛሬ። ዛሬ ደግሞ ጎረምሳ የሚሰበሰብበትን ሰርግ ጠብቀው ደጃፉ ላይ አቆሟት ነው ያልነው።»

ሸዕባን የኬላው ሰላምታ ያኔ ገባው። የገበያው መንገድ ለምን ባዶ እንደሆነ፣ ሴትዮዋ ብቅሏን ለምን ጥላ እንደሮጠች ሁሉ አንድ ላይ ገባው። ደረቱን ነፍቶ የተቀበለው ክብር ክብር አልነበረም። በዕድሜው ሁሉ እንዲህ ያፈረበት ቀን ትዝ አይለውም። «አሁኑኑ ከዚህ አነሣታለሁ!» ብሎ ቁልፉን አወጣ።

«እንዳትሞክረው!» አሉ ባልቴቷ። «መንገዱ በእነሱ ሥር ነው የሚያልፈው። ወደ እነሱ ስትመጣ ካዩ በገደሉ ነው የሚበተኑት፤ ሙሽራውን ከዚያ በኋላ በፋሲካም አታገኙት።» እማማ አለሜ ሄደው ይንገሯቸው እንዳይባል ደግሞ፣ አሮጊቷን አስፈራርተው ነው የላኳት እንዳይሉ ተፈራ። መሪጌታ ልሂድ አሉ፤ ይማርሽ «እርስዎንማ ይዘው እየጎተቱ ነው ይላሉ» አለች። ሁሉም አንድ ላይ ሲያወራ አያ አረጋ ከአገዳ ክምሩ ላይ ሆነው ሳል አሉ።

«መንግሥት በበሬ ሲጎተት ያየ ሰው አለ?»

ሁሉም ወደ መኪናዋ ዞረ። ከዚያ መሪጌታ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልሳቁት መሪጌታ፣ ዳዊታቸውን ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሸዕባን ግን አልሳቀም። አምባሳደር ታስመስላለች የተባለች መኪና፣ ስፖርት፣ ወገብ የምታቅፍ፣ በበሬ! ወልድያ ወሬው ቢደርስ ሱቁን ዘግቶ መሰደድ ነው። ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ ቆሞ ሳለ ከእልፍኙ የአስቻለች ድምፅ መጣ፤ «ጋሽ ሸዕባን፣ እኔ በእግሬም እሄዳለሁ። ቃል የገቡልኝ እርስዎ ነዎት።» ሸዕባን ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «አምጧቸው» አለ።

የጎረቤት ጥማድ በሬዎች መጡ። አያ አረጋ ቤታቸው ሄደው የሰርግ በቅሎአቸውን ጌጥ በሙሉ አመጡ፤ ቂማቸውን የት እንዳስቀመጡት አይታወቅም። ቀዩን ግላስ፣ የኮርቻውን ልብስ፣ በአፍንጫዋ ላይ ዘረጉት። ጥልፉን መጣብር፣ የበቅሎዋን የፊት ጌጥ፣ በአራት ማዕዘን ዓይኖቿ ላይ አዙረው ሲያስሩት፣ ማዕዘኑ ጠፍቶ መብራቱ በዘርፉ መካከል ድቡልቡል ሆኖ ቀረ። የጎን መስታወቶቿ ጆሮ ሆኑ፤ ከእያንዳንዳቸው ቃጭል ተንጠለጠለ። ይማርሽ ቀረብ ብላ አየቻትና «እሰይ፣ አሁን ሰው መሰለች» አለች። ቀንበሩ በመጫኛ ከሥሯ ታስሮ በሬዎቹ ሲስቡ፣ ሸዕባን ከመሪው ኋላ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ፊቱን እንደ በርበሬ አቅልቶ ተቀምጦ ነበር። አያ አረጋ ከፊት ጅራፍ ያጮሃሉ፤ «ና በሬው!» ሲሉ የጀርመኗ ቃጭሎች ይንሿሿሉ። ጉብታው ላይ ያሉት ጋቢዎች መጀመሪያ ተነሡ። ከዚያ ቆሙ። ከዚያ አንዱ፣ ሙሽራው ራሱ ነው ይባላል፣ ሆዱን ይዞ ወደቀ። ሳቁ ሸለቆውን ሞልቶ ወረደ፤ ከሳቁም ኋላ ዘፈኑ፣ ከዘፈኑም ኋላ ሰዎቹ ወረዱ። በስምንት ሰዓት ሙሽራው ዳሱ ሥር ተቀምጦ እንደ ተራበ ሰው ይበላ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ በሬዎቹ ተፈቱ፤ ሙሽሮቹ ከኋላ ተቀመጡ፤ ይማርሽ አንገቷን በመስኮት አስገብታ ልጇን እያለቀሰች ሳመች፤ ሳታስበው ሸዕባንንም ሳመችው። አጃቢው በአቋራጩ በእግሩ ሄደ። ሸዕባን ሞተሩን አስነሣ፤ ቀኑን ሙሉ ከተሰማው ሁሉ ደስ የሚል ድምፅ ነበር። ሁለቱ ከኋላ ይንሾካሾካሉ። ምስጋኑ ወንበሩን እየዳበሰ «እውነትም ወገብ ታቅፋለች» ሲል ሰማና ልቡ ትንሽ ተካሰ። ጠመዝማዛውን ሲጨርሱ ኬላው ከሩቅ ታየ። ከገመዱ አጠገብ የወታደር ካሚዮን ቆሟል። ካሚዮኑ ላይ ጎረምሶች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንዱ የሰርግ ልብስ የመሰለ ነጭ ለብሷል። ከኋላ ያለው ሹክሹክታ ቆመ።

«እኔ በዚህ ኬላ ካለፍሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል» አለ ምስጋኑ። ድምፁ የሕፃን ሆኖ ነበር። «እኛ በአቋራጩ ነው...» አልጨረሰውም። ወርዶ የሚያመልጥበት ቦታ አልነበረም፤ ዙሪያው ሜዳ ነው፤ የሚሮጥ ሰው ይታያል። አስቻለች የባሏን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

ሸዕባን መንገድ ዳር ካለች፣ ከኬላው ከምትጋርድ ትንሽ ጉብታ ጀርባ መኪናዋን አቆመ። ወረደ። ግላሱን ገፈፈ፤ መጣብሩን ፈታ፤ ቃጭሎቹ እንዳይጮሁ በጋቢ ጠቅልሎ ከኋላው ሣጥን ከተተ። የፊቷን አቧራ በእጅጌው ሲጠርግ፣ አራት ማዕዘን ዓይኖቿ፣ ጥቁሩ ፍርግርጓ፣ ያ የግብር ሰብሳቢ ፊት እንደገና ወጣ። የሙሽራውን ካባ ወሰደና የራሱን ኮት ሰጠው፤ በእጁም የመኪናዋን መጽሔት አስያዘው። «ፋይል ነው። ከዚህ ላይ ዓይንህን እንዳታነሣ። አብሽር።» ለአስቻለች «አንቺ ዓይነ ርግብሽን አውልቂ፤ ካባሽንም ከእግርሽ ሥር» አላት። ጥቁር መነጽሩን አድርጎ መሪውን ያዘ። በልቡ ያለውን ዱዓ ሁሉ ደረደረ። ነዳጁን ረገጠ።

ጠባቂው ገና ከሩቅ ገመዱን ጣለ። ሸዕባን ግን እንደ ጌታ ሰው ሹፌር ዝግ አለ፤ መሮጥ ያስጠረጥራል። ጠባቂው ጎንበስ ብሎ ወደ ኋላ ወንበር አየ። ምስጋኑ የሞተሩን ሥዕል ትክ ብሎ ያያል፤ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ያኔ አስቻለች፣ የመሪጌታ ልጅ፣ እንሶስላ የሞቀውን ግራ እጇን ጨብጣ ወደ ላይ አነሣች። «ኢትዮጵያ ትቅደም!» አለች፣ እንደ ተቆጣች።

«ትቅደም!» ብሎ ጠባቂው ተረከዙን አጋጨ። ካሚዮኑ ላይ ያሉት ልጆች መኪናዋን ሲያዩ አንገታቸውን ደፉ። ነጭ የለበሰውም ደፋ። ሸዕባን በመስታወት አያቸው፤ አቁሞ «አይደለንም፣ እኛ አይደለንም» ሊላቸው ፈለገ። አላቆመም።

ሁለት ኩርባ ካለፉ በኋላ ምስጋኑ መጽሔቱን ለቀቀው፤ ጣቶቹ ወረቀቱ ላይ ታትመዋል። ማንም ሊስቅ አልቻለም። ወደ ሙሽራው ቀዬ የሚወስደው ዳገት ላይ ሲደርሱ ከላይ ከበሮ ይሰማ ጀመር።

«ጋሽ ሸዕባን» አለች አስቻለች፣ «ቀይዋ ብትሆን ኖሮ እኮ ያስቆሙን ነበር።»

«ያስቆሙን ነበር፣ ልጄ።»

መኪናዋን አቁሞ ወረደ። ላይ ያሉት ሰዎች ይቺን ፊት ሳያዩ መድረስ አለበትና ቸኮለ። ግላሱን ዘረጋ፤ መጣብሩን በዓይኖቿ ዙሪያ አሰረ፤ ቃጭሎቹን ከጋቢው ሲፈታ ገና ከማሰሩ በፊት ይጮሁ ጀመር።